የሚሰማ እንጂ የማይታይ ፍሰት፦ የሌዘር ልኬት ታሪክ፣ የልብ ቫልቭና የይፋት ቆላ ሕሙማን

መግቢያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ጣርማ በር አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚሁ ገደላማ ስፍራ የሚነሡት ወንዞችም ይህንኑ ቁልቁለት ተከትለው ወደ አዋሽ ያመራሉ። በክረምት ደፍርሰው፣ ድንጋይና አፈር ተሸክመው፣ እየተናወጡ ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱና በመስኖ ቦይ ሲከፋፈሉ ግን ጸጥ ብለው ሽንኩርትና ማሾ ያጠጣሉ። በቦዩ ዳር የቆመ ገበሬ የውኃውን ፍጥነት ለማወቅ ሲፈልግ አንድ ገለባ ይጥልና ምን ያህል እንደሚሄድ ይመለከታል።

በዚያው ከተማ የሚሠራ ነርስ ወይም ጤና መኮንንም በየዕለቱ ከፈሳሽ ፍሰት ጋር ይገናኛል። የደም ግፊት ሲለካ የክንዱን ደም ሥር በጨርቁ ጠበብ አድርጎ፣ ደሙ በጠባቡ ቀዳዳ ሲሾልክ የሚያሰማውን ድምፅ ያዳምጣል። የታማሚ ልብ ሲያዳምጥም ከተለመዱት ሁለት ምቶች መካከል የሚገባ ማጉረምረም ይሰማ እንደሆነ ይከታተላል። በሁለቱም ጊዜ የሚሰማው የተናወጠ ፍሰት ነው። ድምፁ ከተሰማ ሁለት መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ፍሰቱ ራሱ በዝርዝር ሊታይና ሊለካ የቻለው ግን ሌዘር ከተፈለሰፈ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አስቸጋሪ ፍሰቶችን በሌዘር የመለካት ጥበብ እንዴት እንደተጀመረ፣ ስለ ልብ ቫልቭ ምን እንዳስተማረና ከዚህ ትምህርት ውስጥ በይፋት ቆላ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ማሳየት ነው።

በጆሮ የተጀመረ ጥናት

የፈሳሽ ፍሰት ሳይንስ ከሐኪሞች ሥራ ተለይቶ አያውቅም። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ማዳመጫ መሣሪያን እ.ኤ.አ. በ1816 ሲፈለስፍ የልብና የሳንባ ድምፆች ሥርዓት ባለው መንገድ መመዝገብ ጀመሩ። ሌላው ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ፖይዘይ ደግሞ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ባደረገው ጥናት፣ ግፊቱና ርዝመቱ እኩል በሆነ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን በቱቦው ስፋት አራተኛ ኃይል እንደሚለዋወጥ አረጋገጠ። በዚህ መሠረት የቱቦው ስፋት በግማሽ ሲቀነስ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ብዙ ደም ለፈሰሰው ሕመምተኛ ቀጭን ካኑላ ሳይሆን ወፍራም ካኑላ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የፖይዘይ ሕግ ግን የሚሠራው ሥርዓት ይዞ ለሚሄድ ፍሰት ብቻ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በማንቸስተር ባሳየው ሙከራ፣ በመስታወት ቱቦ ውስጥ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ መካከል ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀ። ውኃው ቀስ ብሎ ሲሄድ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተጓዘ፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ግን ክሩ በድንገት ተበጣጥሶ ከውኃው ጋር ተደባለቀ። ፍሰት ከሥርዓት ወደ መናወጥ የሚሸጋገረው በፍጥነቱ፣ በቱቦው ስፋት፣ በፈሳሹ ክብደትና ውፍረት መሆኑን የሚያመለክተው ቁጥር እስከ ዛሬ የሬይኖልድስ ቁጥር ተብሎ ይጠራል።

ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 የደም ግፊትን በማዳመጥ የመለካትን ዘዴ ሲያቀርብ የተጠቀመው በዚሁ ዓይነት ለውጥ ነው። ድምፁ የሚመነጨው ከተጨመቀው ደም ሥር ግድግዳ ንዝረትና በውስጡ ከሚሾልከው ደም መናወጥ ነው። ዘዴው ቀላልና አስተማማኝ ስለሆነ በመላው ዓለም ተሠራጨ። ይሁን እንጂ ጆሮ መናወጥ መኖሩን እንጂ ደሙ በየትኛው ነጥብ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ሊናገር አይችልም። መለኪያ ዘንግ ቢገባም የፍሰቱን ጠባይ ይለውጠዋል። ስለሆነም ተመራማሪዎች ፍሰቱን ሳይነካ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር።

ብርሃን እንደ መለኪያ

የኦስትሪያው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 በፕራግ እንዳስረዳው፣ ድምፅም ሆነ ብርሃን የሚያመነጭ አካል ወደ ተመልካቹ ሲቀርብ የሞገዱ ድግግሞሽ ይጨምራል፣ ሲርቅም ይቀንሳል። በዚህ መርሕ መሠረት ከሚንቀሳቀስ ቅንጣት ላይ ነጥሮ የሚመለስ ብርሃን የቅንጣቱን ፍጥነት ይናገራል ማለት ነው። ችግሩ ለውጡ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነበር። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚጓዝ ቅንጣት በቀይ ብርሃን ድግግሞሽ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ብዙ ድግግሞሾች የተቀላቀሉበት የተለመደው መብራት ይህን ያህል ረቂቅ ለውጥ ሊያሳይ አይችልም።

ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 በካሊፎርኒያ ሲያበራ ይህ እንቅፋት ተወገደ። የሌዘር ብርሃን አንድ ዓይነትና ሥርዓት የያዘ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያለማቋረጥ የሚበራው የሂሊየምና የኒዮን ጋዝ ሌዘር ተሠራ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የህና ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንኑ ሌዘር በመጠቀም፣ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች በተጨመሩበት ውኃ ውስጥ የፍሰትን ፍጥነት በተወሰነ ነጥብ ላይ መለካት መቻሉን አሳወቁ።

የተጠቀሙበት ብልሃት ለክራር ደርዳሪ እንግዳ አይደለም። ሁለት አውታሮች በጥቂቱ ብቻ ሲለያዩ አብረው ሲመቱ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል፤ ልዩነቱ በጠበበ መጠን እርግብግቢቱ ይዘገያል፣ ሲስተካከሉም ይጠፋል። ከቅንጣቱ የተመለሰውም ብርሃን ከመነሻው የሌዘር ብርሃን ጋር ሲገናኝ በዚሁ መልክ ይርገበገባል፤ የእርግብግቢቱ ፍጥነት ሲቆጠር የቅንጣቱ ፍጥነት ይታወቃል። ውኃው ውስጥ የገባው እንክብል በቦዩ ላይ ከተጣለው ገለባ ጋር አንድ አገልግሎት ይሰጣል፤ ልዩነቱ እንክብሉ በዓይን የማይታይ፣ ተመልካቹም ብርሃን መሆኑ ነው።

ዘዴው ወደ ሕክምና ለመግባት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ሪቫ፣ ሮስና ቤኔዴክ እ.ኤ.አ. በ1972 በጥንቸል ዓይን ሬቲና ደም ሥሮች ውስጥ የሚፈሰውን ደም በሌዘር ለኩ። ዓይን የተመረጠው በሰውነት ውስጥ ብርሃን ያለ ብዙ እንቅፋት ገብቶ ደም የሚያገኝበት መስኮት ስለሆነ ነው። ማይክል ስተርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 በቆዳ ጥቃቅን ደም ሥሮች ውስጥ ያለውን የደም እንቅስቃሴ በሌዘር መከታተል እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ የተገኙት መሣሪያዎች የቃጠሎ ቁስልን ጥልቀትና የደም ዝውውሩ የተጓደለ እግርን ለመመርመር ያገለግላሉ። ብርሃኑ ግን ከቆዳው ሥር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ከዘለቀ በኋላ ይበታተናል፤ ልብ ዘንድ አይደርስም።

ደፍራሽ ፈሳሽና ግልጽ አምሳያ

የሌዘር ልኬት ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ ወር ደፍርሶ የሚወርደው የይፋት ወንዝ የታችኛውን ድንጋይ እንደሚሸፍን ሁሉ፣ በቀይ ሕዋሳት የተሞላ ደምም ብርሃንን አያሳልፍም። በዚህ ላይ ልብ ይመታል፤ ፍሰቱ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። የቫልቭ ክንፎች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በፈሳሽ ጥናት ውስጥ አስቸጋሪ የሚባሉት ጠባዮች ሁሉ በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል።

ተመራማሪዎች ያገኙት መፍትሔ የልብን ፍሰት ከልብ ውጭ መሥራት ነበር። ቫልቩ በግልጽ ፕላስቲክ በተሠራ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ እንደ ልብ የሚመታ ፓምፕ ይገጠምለታል፤ በደም ምትክ ውፍረቱ ከደም ጋር የተቀራረበ የግሊሰሪንና የውኃ ድብልቅ ይፈስበታል። ብርሃን ከፕላስቲኩ ወደ ፈሳሹ ሲያልፍ እንዳይታጠፍ ሶዲየም አዮዳይድ የተባለ ጨው ተጨምሮ የሁለቱ ብርሃን የማጠፍ ጠባይ እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ያን ጊዜ ግድግዳው ለሌዘሩ የሌለ ያህል ይሆናል።

በነጥብ በነጥብ ይካሄድ የነበረውም ልኬት በሂደት ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮናልድ አድሪያን በሥራው ያስተዋወቀውና የቅንጣት ምስል ልኬት ሊባል የሚችለው ዘዴ፣ የሌዘርን ብርሃን እንደ ቀጭን አንሶላ ዘርግቶ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች በአጭር ጊዜ ልዩነት ሁለት ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣል። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል እያንዳንዱ የቅንጣት ስብስብ የተጓዘው ርቀት ሲሰላ የመላው ሜዳ ፍሰት በአንድ ጊዜ ይታያል። ዊለርትና ጋሪብ እ.ኤ.አ. በ1991 ፊልሙን በዲጂታል ካሜራ ሲተኩት ስሌቱ ለኮምፒውተር ተመቸ። ሬይኖልድስ በአንድ የቀለም ክር ያሳየው መናወጥ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሺህ በሚቆጠሩ ቀስቶች ተሥሎ ቀረበ።

በማጠፊያው ውስጥ የተሰወረ ችግር

የሰው ሠራሽ ቫልቭ ታሪክም ከመጀመሪያው የፈሳሽ መሐንዲሶች እጅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያው ስኬታማ የሚትራል ቫልቭ ለውጥ የተካሄደው ቀዶ ሐኪሙ አልበርት ስታርና የውኃ ኃይል መሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ በሠሩት ባለ ኳስ ቫልቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ እንደ ሁለት ተካፋች በር የሚከፈተው የሴንት ጁድ ቫልቭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ልብ ውስጥ ተተከለ። ደሙ በመካከል ሰፊ መንገድ ስለሚያገኝ ባለ ሁለት ክንፉ ዓይነት በስፋት ተለመደ።

በ1990ዎቹ በዚሁ መልክ የተሠራ ፓራለል የተባለ ቫልቭ ወደ ሰዎች ሙከራ ገባ። ከዚያ በፊት በቤተ ሙከራና በእንስሳት የተደረጉት ፈተናዎች ይህ ነው የሚባል አደጋ አላመለከቱም ነበር። በሕሙማን ላይ ግን ደም በቫልቩ ላይ እየረጋ ችግር ስለፈጠረ ሙከራው ቆመ። ቀጥሎ በጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋም የአጂት ዮጋናታን የምርምር ቡድንና ባልደረቦቹ የቫልቩን ማቀፊያ ከግልጽ ፕላስቲክ አሠርተው፣ የሌዘሩን ጨረር ክንፉ ወደሚሽከረከርባት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደሆነችው የማጠፊያ ጎድጓዳ ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው ውጤት በጎድጓዳው ውስጥ የሚሽከረከርና የሚተኛ ፈሳሽ፣ በአጠገቡም ኃይለኛ ሹልክታ መኖሩ ታየ። ኃይለኛው ፍሰት የደም ሕዋሳትን ይጎዳል፣ አርጊ ሕዋሳትንም ያነቃል፤ የተኛው ፍሰት ደግሞ የተነቁትን በአንድ ቦታ ያቆያቸዋል። ለመርጋት ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አይገኝም።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ አደጋው በቫልቩ ዋና በር ላይ ሳይሆን ማንም ትኩረት ባልሰጠው ማጠፊያ ውስጥ መገኘቱ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ ሌዘሩ የደረሰው ከሕሙማኑ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የማጠፊያ ፍሰት ለብቻው መጠናት ያለበት ጉዳይ ሆኗል። ያም ሆኖ ምንም ዓይነት የብረትና የካርቦን ቫልቭ ከመርጋት አደጋ ነጻ አልሆነም። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የሚወስደው፣ ደሙም በየጊዜው በአይ ኤን አር ምርመራ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው።

ብርሃን ባልደረሰበት ድምፅ

ግልጽ አምሳያ በቤተ ሙከራ ይበቃል፤ ሕያው ልብ ግን በፕላስቲክ አይተካም። ደፍራሹን አካል አልፎ የሚሄደው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ነው። በጃፓን ሺጌኦ ሳቶሙራ በ1950ዎቹ የልብን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ዶፕለር መመርመር ጀመረ። በኖርዌይ ደግሞ ያርሌ ሆለን እ.ኤ.አ. በ1976፣ ሊቭ ሃትለና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 በጠበበ ሚትራል ቫልቭ ውስጥ የሚሾልከውን ደም ፍጥነት ለክተው በቫልቩ ሁለት ወገኖች መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት አሰሉ። ቀመሩ ቀላል ነው፤ በሜትር በሰከንድ የተለካው ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ በ4 ሲባዛ ልዩነቱ በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይገኛል። ፍጥነቱ 2 ሜትር በሰከንድ ቢሆን ልዩነቱ 16፣ 3 ሜትር ቢሆን 36 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው።

የቀመሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1738 የዳንኤል በርኑሊ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ በርኑሊም በሙያው ሐኪም ጭምር ነበር። ቀድሞ ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ በማስገባት ብቻ ይገኝ የነበረው መረጃ ያለ ምንም መርፌ ከደረት ላይ መነበብ ቻለ። ሌዘርና አልትራሳውንድ የአንድ መርሕ ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ በግልጽ አምሳያ ውስጥ የፍሰቱን ዝርዝር ያሳያል፣ ሌላው በሕያው ልብ ውስጥ ዋናውን ቁጥር ይሰጣል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሸዋ ሮቢት

በኢትዮጵያ ወጣቶችን ለቫልቭ ሕመም ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። መነሻው በቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋቁሞ ብዙ ሕፃናትን ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆይቷል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ያሠራው የልብ ሕክምና ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2009 ተመርቋል። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የታሪኩ ፍጻሜ አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች በ3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ላይ የተካሄደውና ሬመዲ የተሰኘው ጥናት የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉም ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ከታዘዘላቸው መካከል የደማቸው ልኬት በሚፈለገው መጠን ውስጥ የተገኘው 28.3 በመቶው ብቻ ነበር።

ይህን ቁጥር ከሸዋ ሮቢት አንጻር ማሰብ ያስፈልጋል። በመሐንዲሶች ብልሃት የተሠራ ቫልቭ ተተክሎላት ወደ ይፋት ቆላ የተመለሰች ወጣት እናት፣ የቫልቩ ማጠፊያ ሳይታገድ የሚኖረው ዋርፋሪኗ ሳይቋረጥና ደሟ በጊዜው ሲመረመር ነው። ምርመራው በአቅራቢያዋ ከሌለ ያን ሁሉ ቁልቁለት መልሳ መውጣት ይኖርባታል። የመከር ሥራ ሲደርስ ወይም የጉዞ ገንዘብ ሲያጥር ቀጠሮው ይታለፋል። እርጉዝ ከሆነችም መድኃኒቱ ለጽንሱ፣ መቋረጡም ለእርሷ አደጋ አለው። በመሆኑም ስለ ዋርፋሪን የሚሰጥ ምክር፣ የቀጠሮ ክትትልና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የቫልቩ ሕክምና አካል እንጂ ተጨማሪ ሥራ ተደርገው መታየት የለባቸውም።

ከዚህም የሚቀድም ሥራ አለ። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ጉሮሮውን የታመመ ሕፃን እንጥሉን እንዲቆረጥ ወደ ባህላዊ ቆራጭ መወሰዱ የታወቀ ጎጂ ልማድ ነው። ሕፃኑ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን መጋለጡ ሳያንስ፣ ሩማቲክ ትኩሳትን የሚከላከለውን ፔኒሲሊን ሳያገኝ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የኡጋንዳ ጥናት ደግሞ ምንም ምልክት ሳይታይባቸው በልብ አልትራሳውንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሩማቲክ የልብ ሕመም የተገኘባቸውን ከ800 በላይ ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከተወጉት መካከል ሕመሙ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተወጉት መካከል 8.2 በመቶ ሆነዋል። እነዚህ ልጆች የተለዩት በቫልቫቸው በኩል ወደ ኋላ የሚሾልከው ቀጭን የደም ፍሰት በዶፕለር ስለታየና የቫልቩም ቅርጽ ስለተመረመረ ነው።

ማጠቃለያ

በጆሮ የተሰማው ማጉረምረም በብርሃን እስኪታይ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሌዘር ደምን ዘልቆ ማየት ባይችልም፣ በግልጽ አምሳያ አማካይነት ቫልቭ ለምን ደም እንደሚያረጋ አስረድቷል። ድምፅም ይህንኑ የፍሰት ዕውቀት ወደ ሕሙማን አልጋ አድርሶታል። ይሁን እንጂ ለሌዘርም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ጉዳይ የሚሆነው ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ወንዝ ሜዳ ላይ ደርሶ ከሞላ በኋላ ከማገድ ይልቅ ምንጩ ላይ መያዝ እንደሚቀል የይፋት ገበሬ ያውቃል። የዚህ ሕመም ምንጭ ያለው በጉሮሮ ነው። የጉሮሮ ሕመምን በአግባቡ ማከም፣ የእንጥል መቁረጥን ጉዳት ለወላጆች ማስረዳት፣ የልብ ማጉረምረም የተሰማበትን ልጅ ሳይዘገዩ ለልብ አልትራሳውንድ መላክ፣ የፔኒሲሊን መርፌ ቀጠሮ የጀመረውን ልጅ ከመዝገብ እንዳይጠፋ መከታተል፣ ሁሉም በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። በመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ የማይሞላ ለውጥ የሚያነብ መሣሪያ ያስገኘው ዕውቀት በሸዋ ሮቢት ፍሬ የሚያፈራው፣ ማዳመጫውን በሕፃኑ ደረት ላይ የሚያሳርፈው ባለሙያ የሰማውን ድምፅ በቸልታ ሳያልፍ ሲቀር ነው።